የወረታ መናኸሪያ የት ይሁን

ወረታን ከዚያ በፊት የማውቃት በካርታ ላይ ነው። ሁለት ቀይ መስመሮች የሚገናኙባት ነጥብ ነበረች፤ አንደኛው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ። በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በደርግ ጊዜ፣ መሥሪያ ቤታችን የታዳጊ ከተሞችን የመንገድ ፕላን ሲያስጠና ለእኔ የደረሰችኝ ይህች ነጥብ ናት። ከተማዋ በሃያ ዓመት ውስጥ ስታድግ መኪናው የት ይለፍ፣ አህያውና እግረኛው የት ይለፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መናኸሪያው የት ይሁን? ይህን ሁሉ አጥንቼ እንድመጣ መንገዱን ጨምሮ ዐሥር ቀን፣ አንድ ጥቅል ሜትርና አንድ ፎርም ተሰጠኝ።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ዘውዴ ፎርሙን ሲሰጡኝ በጣታቸው አንድ ቦታ አሳዩኝ። "የነዋሪው አስተያየት" ይላል። ከሥሩ "የደገፈ"፣ "የተቃወመ"፣ "ምክንያት" የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉ።

"ይህን ባዶ እንዳታመጣልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የተነሣነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እዚያ ያደገ ሰው መናኸሪያ ሲባል የሚታየው ጩኸት፣ የኪስ አውላቂ ስጋትና የረዳቶች ግፊያ ነው። ወረታ ላይ የምሠራውን ንድፍ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስጀምረው የሳልኩት ይህንኑ በትንሹ ነበር።

አባይ በረሃ ስንወርድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እንደ ዕለት ሥራው ቆጥሮት ዝም ብሎ ወረደና መፍታት ጀመረ። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ በሶ በጥብጠው ሳይጠይቁኝ ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጡት። አዲስ አበባ ቢሆን ማን እንደሆንኩ ሳይታወቅ ጣሳ አይሰጠኝም ነበር፤ እኔም አልቀበልም ነበር።

ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው ለአንድ ሰው የተሠራ ቢሆንም ትኋኖቹ ቀድመውኝ ስለያዙት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነጋሁ።

ማክሰኞ

ኬላ ላይ ወታደሮች ሻንጣዬን አስፈቱኝ። ሜትሩን ሲያገኙ አንዱ "ይሄ ለምንድን ነው?" አለኝ። ለመንገድ መለኪያ ነው አልኩት። ጥቂት አሰበና "እስቲ እኔን ለካኝ" አለ። ለካሁት። ከዚያ ጓደኞቹ ተራ ያዙ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቆሞ እየጠበቀ የኬላውን ጥበቃ በሙሉ ቁመቱን ለክቼ ጨረስኩ። ከሁሉም አጭር የሆነው የመሸኛ ደብዳቤዬን ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

ማታ ባሕር ዳር ገባን። መንገዷ ሰፊ ነው፤ ዛፎቿም በመስመር ቆመዋል። አንድ ሰው አስቀድሞ እንዳሰበባት ያስታውቃል። እኛ ከተማ ውስጥ መንገድ ማለት ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የሚተርፈው ቦታ ነው።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ስላመለጠኝ እህል በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ከጆንያው በላይ ተቀምጬ ተጓዝኩ። የፎገራ ሜዳ ዳገትና ቁልቁለት ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ግራ ያጋባል። ዓይን የሚደገፍበት ነገር አያገኝም። የሚታየው ሣር፣ ከሣሩ በላይ የከብት ጀርባ ነው። የመንገድ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያይ ልቡ ይሞቃል፤ ማስተካከል የለ፣ መደልደል የለ፣ መስመሩን በማስመሪያ ብቻ ነው።

ወረታ ስደርስ ያለችው አንዲት አልጋ ቤት ለሴሚናር በመጡ ሰዎች ተይዛ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱን አከከና መሪጌታ ጥበቡ ቤት ወሰደኝ። መሪጌታ በደብራቸው ድጓ የሚያስተምሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ መገንጠያ ወዲያ፣ ጉብታ ላይ ካሉት ዘጠኝ ቤቶች የመጀመሪያው ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ በሚገባ የተመረገ ግድግዳ፣ የዋንዛ በር።

"ግባ እንጅ ልጄ፣ ደጅ ቁመህ ምን ትላለህ?" አሉኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ። እግሬን ለብ ባለ ውሃ አስታጠቡኝ። ቀጥለው መሶብ አቀረቡልኝ፤ የጾም ወራት ስለነበር ሹሮና ስልጆ። እንጀራው ነጣ ብሎ ለስለስ ይል ነበር።

"ሩዝ ቀላቅየበት ነው። እኛም ገና መልመዳችን ነው፣ እንዳትስቅብን" አሉኝ።

መሪጌታ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አይበሉም እንዴ ብላቸው "ጾም አይደል ልጄ? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም" አሉኝ። አፈርኩ። እኔ ከበላሁ በኋላ ወይዘሮ ስመኝ ለእሳቸው ሌላ መሶብ ሲያዘጋጁ አየሁ። ለእንግዳ ክብር ብዬ ያዝኩት።

ከቤቱ ጎን፣ ከክዳኑ ሥር፣ የደንገል ታንኳ ተሰቅላለች። ጣና ከዚህ ሩቅ ስለሆነ "ይህች ምን ትሠራለች?" ብዬ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ስመኝ "እንዲያው ተቀምጣ ነው" አሉ። መሪጌታ ተነሥተው ወጡ።

ሐሙስ

ለመናኸሪያው ሁለት አማራጭ ቦታ መኖሩን መሥሪያ ቤታችን ቀድሞ ለቀበሌው ጽፎ ነበር። አንደኛው ከመንገዱ በታች ያለው ባዶ ሜዳ፣ ሁለተኛው መሪጌታ ያሉበት ጉብታ። ስለዚህ ሕዝቡ ለምን እንደመጣሁ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ስብሰባውን የመራው ወጣት ካድሬ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ወረታ ከገባ ገና ከኅዳር ወዲህ የሆነው ሰው ነበር። መፈክር ተባለ፣ ተቀመጥን። እኔም ካርታዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ አስረዳሁ። አውቶቡሶች መንገድ ዳር መቆማቸው ገበያውን እያጣበበ መሆኑን፣ ከተማው ሲያድግ የጭነት መኪናውና አህያው በአንድ መገንጠያ ማለፍ እንደማይችሉ፣ ዛሬ የምንመርጠው ቦታ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት እንደሚሆን ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ሜዳው ክረምት ውሃ ይተኛበት እንደሆነ ጠየቅኩ። የፎገራ ዝናም ስሙ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል።

አያ ካሴ የሚባሉ፣ የመሪጌታ ጎረቤት የሆኑ ገበሬ ተነሡ። "እርጥብ ይላል እንጅ፣ ምን ያረጋል?" ብለው ተቀመጡ።

የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ከእሳቸው የበለጠ ማን ሊያውቀው ብዬ ጻፍኩ። ካድሬው ሜዳው እንዲሆን የሚደግፍ እጁን ያንሣ ሲል የእጅ ጫካ ሆነ። ተቃዋሚ ሲባል አንድም የለም። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ የተስማማ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የውሃ ቧንቧ ቦታ ለመምረጥ ሦስት ቀን ተሰብስበን አንድ ሰው ተፈንክቷል።

ዓርብ

ሜዳውን ስለካ ዋልኩ። ቀበሌው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰጥቶኝ እነሱ ካስማ ይቸክላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በምሳ ሰዓት ሜዳው መካከል ካለው ዋርካ ሥር አረፍን። ከራሴ በላይ፣ ቅርንጫፎቹ በሚለያዩበት ቦታ ላይ፣ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተወትፎ አየሁ። ገበሬው መኖውን ከከብት የሚያስጥልበት ዘዴ መሰለኝና በልቤ አደነቅኩ።

ከብቱ ግን ሌላ መኖ አገኘ። ንድፌን ሣር ላይ ዘርግቼ ሳንቀላፋ አንዲት ላም ግማሹን በልታ ጠበቀችኝ። የበላችው የአውቶቡሶቹን መግቢያ በር ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ፤ እኔም ቆይቶ ሳቅኩ።

ማታ ወይዘሮ ስመኝ ይህን ሰምተው "የፎገራ ላም እኮ ናት፣ ወረቀት ቀርቶ ካድሬም ትበላለች" አሉ። መሪጌታ ፈገግ አላሉም። ራቴን ደብር ቀምሻለሁ አሉ።

ቅዳሜ

የገበያ ቀን ነው። መገንጠያው ላይ ወንበር አስቀምጬ በየሰዓቱ ስንት መኪና፣ ስንት የጋማ ከብት፣ ስንት እግረኛ እንደሚያልፍ ልቆጥር ተቀመጥኩ። መንገድ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ስቆጥር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ውይይት ታክሲዎቹ ብቻ የምሳፈር መስያቸው ጥሩምባ ይነፉብኝ ነበር።

እዚህ ግን ረፋዱ ላይ ደብተሬ ውስጥ ያሉት ጥቂት መኪኖች፣ ሁለት አውቶቡሶችና ሴቶች ብቻ ናቸው። አንድ ጎልማሳ ወንድ አላለፈም። ገበያው ግን ከሩቅ ሲታይ ጢም ብሏል። ሰዎቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ የት እንደሚያልፉ ለማየት ወንበር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ወንዱ ሁሉ ከነአህያው መንገዱን ትቶ በሜዳው ዞሮ ይገባል።

ወይዘሮ ስመኝ ለምሳ ስገባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ልጄ፣ ብዕር ይዘህ መንገድ ላይ ወንድ ስትቆጥር ምን ይበሉህ? ለውትድርና የምትጽፋቸው መስሏቸው ነው እኮ!"

እንግዲህ ሃያ ዓመት ወደፊት የሚያይ ጥናት ስሠራ የፊቴን አላየሁም። ያንን የቅዳሜ ገጽ ቀደድኩት።

የዚያን ቀን ምሳ ግን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። በጾም ወራትም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፤ መሪጌታ ከእኔ ጋር የማይቆርሱበት ምክንያት አልነበረም። ወይዘሮ ስመኝም እንደ ሌላው ቀን ሁለት መሶብ አቀረቡ። "መሪጌታ፣ አብረን አንበላም?" አልኳቸው።

"ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ ያረገኛል" አሉና መሶባቸውን ሳይከፍቱ ተነሡ።

ቅር አለኝ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የማይሳለም፣ የረከሰ አድርገው አይተውኝ ይሆናል አልኩ። በአራት ቀን ውስጥ እንደ ቤቴ የቆጠርኩት ቤት በድንገት የሰው ቤት ሆነብኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ እንደተመለሱ መሪጌታ "ተነሥ፣ እንሂድ" አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ፤ እኔ ተከተልኩ። ሜዳውን አቋርጠን ዋርካው ሥር ደረስን። በመቋሚያቸው ጫፍ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ደረቅ ሣር ነኩት።

"ይህን ማን የሰቀለው ይመስልሃል?"

"እረኞች። ከብት እንዳይደርስበት።"

"እረኛ አልሰቀለውም። ውሃ ነው የሰቀለው።"

እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቼ አልደረሱበትም።

"ይኸ የከፋው ዓመት ነው። ባይከፋም እስከ ጉልበት አይቀርም" አሉ። "የርብ ወንዝ ሲሞላ፣ ጣናም ሲገፋ፣ ይህ የምታየው ሁሉ ባሕር ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወዲያ ማዶ የምንሻገር በታንኳ ነው። ያቺ የጠየቅሃት ታንኳ ለዚያ ናት።"

የቸከልኳቸው ካስማዎች በሜዳው ላይ በመስመር ቆመዋል። የመጠበቂያ ክፍሉ፣ የትኬት መስኮቱ፣ ዐሥራ ሁለት አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ።

"ታዲያ በስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?" ተቆጥቼ ነበር።

"ማን ይናገር? ሜዳው አይሆንም ያለ ሰው ጉብታው ይሁን ማለቱ ነው። ጉብታው ላይ ዘጠኝ ቤት አለን። ተማክረን ዝም አልን፤ ሌላውም ሰው ለኛ ብሎ ዝም አለ። እኔም አብሬ መክሬያለሁ፤ እጄንም አንሥቻለሁ።"

"ዛሬስ?"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጉብታው አዩ። የቤታቸው ቆርቆሮ ከዚህ ያበራል።

"ያን ቤት እኔና ስመኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው የሠራነው" አሉ። "ሌላ ቤት አድረህ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ከኔ ቤት አመጡህ። ክፉ ነገር ከደበቅሁት እንግዳ ጋር ከአንድ መሶብ ልቁረስ? እጄ እንቢ አለኝ። ጾም ነው ብዬ አሳበብሁ፤ ጾሜን የውሸት መሸሸጊያ አረግሁት። ትናንት ደግሞ የጾሙ ማሳበቢያ አለቀብኝና ሆዴን አመካኘሁ። በሐምሌ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እዚህ ቢወርድ፣ ካድሬው አላወቀም፣ አንተም አላወቅህም። የሚጠየቅ ማን ነው? እኔ ነኝ።"

ያልረከስኩ መሆኔን በማወቄ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ቀጥሎ የምሠራው ሥራ ትዝ ሲለኝ ደስታዬ ጠፋ።

ወደ ቤት ተመለስን። ወይዘሮ ስመኝ በር ላይ ቆመው ነበር። የእኔን ፊት አላዩም፤ የባላቸውን አዩ።

"ነገሩት?"

"ነገርሁት።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለትንሽ ጊዜ የዋንዛውን በር ያዝ አድርገው ቆሙ። ከዚያ ገቡና ከሁለቱ መሶቦች አንዱን አንሥተው ወደ ጓዳ መለሱት።

"እንግዲያ አንድ ይበቃል" አሉ።

መሪጌታ ባርከው ቆረሱ። አሁን ደግሞ እጁ እንቢ ያለው እኔ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ይህንኑ ቤት በሜትር ልለካ ነው። መሪጌታ አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ጠቅለል አድርገው አጎረሱኝ። "ብላ፣ አሁንማ በመካከላችን የተሸሸገ ነገር የለም" አሉ።

በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ጉብታውን ለካሁ። ቤታቸውን ለማዳን ሦስት ጊዜ መስመር አዘዋወርኩ። አራት ቤት ማትረፍ ቻልኩ፤ የአያ ካሴም ከተረፉት ነው። አውቶቡስ ግን ለመዞር የሚፈልገውን ቦታ ይፈልጋል፣ የመገንጠያውም ዳገት በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያስገባው። መግቢያው የመሪጌታን ቤት አፍርሶ የሚያልፍ ሆነ። ነገርኳቸው። "ስሜን ጻፍ" ብቻ አሉኝ። "ማን እንደተናገረ ይታወቅ። ጎረቤቶቼን ነገ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ሰኞ፣ መመለሻ

በጠዋት ነግረዋቸው ኖሯል። አውቶቡስ ስጠብቅ አያ ካሴን ሰላም ብላቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የእሳቸው ቤት እንደተረፈ ልነግራቸው ጠራኋቸው፤ አልዞሩም። መሪጌታና ባለቤታቸው ብቻቸውን ቆመው ሸኙኝ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲሸኝ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣ እንደነበር ወይዘሮ ስመኝ በጆሮዬ ነገሩኝና አንድ ቁና ሩዝ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። "እናትህ ትቅመሰው" አሉ። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ይዤው ተጓዝኩ፤ ጎማም አልፈነዳም፣ ኬላም አላስወረደንም። እናቴ እንደ ገንፎ ቀቀለችው፤ ጥሩ አልሆነላትም።

ወደ ሥራ በገባሁበት ቀን አቶ ዘውዴ ፎርሙን ዘረጉት። የመናኸሪያው ቦታ በሚለው ላይ "ጉብታው" ብዬ ጽፌ፣ የሜዳውን ውሃ በሪፖርቱ ዘርዝሬ ነበር። እሳቸው ግን ዓምዶቹ ላይ ቆሙ።

"ሜዳውን የደገፈ፣ ሁሉም። የተቃወመ፣ አንድ ሰው" ብለው አነበቡ። "ጥበቡ የሚባለው ይህ ሰው፣ ቤት አለው?"

"አላቸው።"

"ያው ነዋ። ቤቱ እንዳይነካበት ነው የተቃወመው።"

"ሜዳው ቢሆን ቤታቸው አይነካም ነበር" አልኩ። "የሚነካው ስለተቃወሙ ነው።"

አቶ ዘውዴ ካርታውን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ የመግቢያውን መስመር በእርሳስ ጫፍ ተከተሉ፣ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ምክንያት" የሚለውን ዓምድ ባዶ ትቼው ነበር። ብዕራቸውን ሰጡኝ። ብዙ አሰብኩና "እንግዳቸው ስለነበርኩ" ብዬ ጻፍኩ።

"ይህ ምክንያት አይደለም" አሉኝ። ግን አልሰረዙትም።